እሱ የሚወደው ቀለም

ከጥምቀት ወዲህ ባለው ሰሞን፣ አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ አስፋልቱ ዳር ካለው ጋራዥ ፊት ለፊት እግሬ ተያዘ። አንድ መካኒክ ከሚኒባስ ሥር ተኝቶ የተቃጠለ ዘይት ወደ ባልዲ እያወረደ ነበር። ሌላዋ ሴት የሟች ባሏን ሽታ ስታነሳ ሽቶ ትላለች፣ የጋቢውን ሽታ ትላለች። የእኔ ይኸው ነው፣ ጥቁር የሞተር ዘይት። ዕድሜዬን ሙሉ «በዚህ ሽታ ገደልከኝ» ስል የኖርኩ ሴትዮ፣ ባጃጆች ከኋላዬ ጥሩምባ እየነፉብኝ ቆሜ አሸተትኩ። መካኒኩ ቀና ብሎ «እማማ፣ ምን ጠፋብዎት?» ሲለኝ አፍሬ መንገዴን ቀጠልኩ። በዘንቢሌ ውስጥ፣ ከቲማቲሙና ከሽንኩርቱ ሥር፣ አንዲት ትንሽ ጣሳ ቢጫ ቀለም ደብቄ ነበር። ባሌ በራሶ ከሞተ ዓመት እንኳ አልሞላውም፤ እኔ ጥቁር ለብሼ ቢጫ እገዛለሁ።

ቤታችን የእንጨት ቤት ነው። ዛሬ ዲላ ውስጥ እንዲህ ያለ ቤት የቀረው ጥቂት ሰው ጋ ነው፤ ጎረቤቶቼ ሁሉ ወደ ብሎኬትና ወደ መስታወት ሄደዋል፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም በራችን ላይ ቆመው ፎቶ ይነሳሉ። ያኔ ግን ጣውላ የሚገኝበት ዘመን ነበር። ዝግባው በሁለት ሰው መጋዝ፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች ሆኖ ሲሰነጠቅ፣ ሰፈሩ በሰጋቱራ ይሸታል። በራሶ ቡና መጋዘን ውስጥ መዛኝ ስለነበር ሾፌሮችን ሁሉ ያውቃል። የቡናው ወራት ሲደርስ ኤንትሬ የጭነት መኪኖቹ ከመጋዘኑ እስከ ድልድዩ ይሰለፋሉ፤ ከተማው በሙሉ የቡና ገለባ ይሸታል፤ የሚጭኑት ልጆች ጆንያ እንደ ኮፍያ አጥልቀው ይሮጣሉ፤ ሻይ ቤቶቹ ቦምቦሊኖ ቶሎ ይጨርሳሉ። ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ቦምቦሊኖውም በአሥር ሳንቲም ነበር፤ ወይስ በአሥራ አምስት? እንግዲህ ዋጋ እንኳ ከእጄ እያመለጠ ነው። ሾፌሮቹ ዘይት ሲቀይሩ አሮጌውን ለበራሶ ያስቀምጡለታል። እሱም ጀሪካኑን በትከሻው ተሸክሞ ይመጣል፣ ሸሚዙ ይበላሻል፣ እኔ እጮሃለሁ።

መቼም ሌላውን አልሞከረም አይባልም። ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው መጀመሪያ ኖራን ከቁልቋል ወተት ጋር በጥብጦ ቀባው፤ ጭቃ ግድግዳ ላይ እንጂ ጣውላ ላይ አልበረክት አለና የመጀመሪያው በልግ ጠርጎ ወሰደው። ቀጥሎ ቡና ነጋዴዎቹ የሚያስቀቡትን የጣሳ ቀለም በመጋዘኑ ባለቤት ቤት ላይ አየ። ሁለት ክረምት ሳያልፍ ፀሐይ የሚያገኘው ወገን ይሰነጠቃል፣ ውሃው በስንጥቁ ይገባል፣ ከገባ መውጫ የለውም፣ እንጨቱ ከቀለሙ ሥር ሆኖ ይበሰብሳል። በራሶ በጣቱ ጫን ብሎ ያሳየኝ ነበር። «ላዩ ሙሽራ ነው፣ ውስጡ ሞቷል» ይላል። የተቃጠለ ዘይት ግን ወደ ውስጥ ይሰርጋል፣ ምስጥም አይደፍረውም። «እንጨት ዘይት ይወዳል» ብሎ ነገሩን ይዘጋል። በየዓመቱ ጥምቀት አልፎ በልጉ ሳይገባ፣ አሮጌ ሹራብ ቀዶ በጨርቅ እያሸ ቤቱን ያጠቁረዋል። እውነቱን ለመናገር ቤቱ እስከ ዛሬ የቆመው በዚያ ነው።

እኔ ደግሞ ቢጫ እወድ ነበር። ከታችኛው ገበያ ወደ ላይ ስትወጡ፣ መታጠፊያው ላይ አንድ ፎቶ ቤት ነበረ። አሁን ቦታው ላይ ሞባይል ይጠገናል። ጣውላው በሙሉ ቢጫ ሆኖ መስኮቶቹ ብቻ ነጭ ነበሩ። ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመርቄ በመጣሁ ሰሞን በዚያ ማለፍ ብቻ ልቤን ቀለል ያደርገው ነበር። አጠገቡ ሙዚቃ ቤት ነበርና ድምፅ ማጉያው በር ላይ ተሰቅሎ ቀኑን ሙሉ ስለ ፍቅር ይጮሃል፤ ወጣቶቹ ጸጉራቸውን አጎፍረው፣ ከታች የሰፋ ቴትሮን ሱሪያቸውን አስፋልት እያስጠረጉ ይቆሙበታል። እኔና በራሶ የሠርጋችንን ፎቶ የተነሳነው እዚያ ነው። እሱ የፎቶ ቤቱን ኮት ተውሶ፣ እጅጌው እስከ ጣቱ ወርዶበት፣ እኔ ሻርቤን በአንገቴ አስሬ። ከዚያ ስንወጣ ግድግዳውን በእጄ ነካ አድርጌ «እኛም ቤት ስንሠራ እንዲህ ነው የምንቀባው» አልኩት። ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ጉዳዩ በየዓመቱ ይነሳል፣ በየዓመቱም ጀሪካኑ ይመጣል።

በራሶ ከዲላ በላይ ካለው ደጋ፣ የቡሌ ልጅ ነው፤ አፉን የፈታው በጌዴኦኛ ሲሆን አማርኛን የለመደው ከመጋዘንና ከሾፌር ነው። ወንዴና ሴቴ ላይ ሁሌ እንደተሳሳተ ኖረ። ቤታችንን «እሷ» ይላታል። «እሷ ዘንድሮ ጠምቷታል፣ ዘይት ትፈልጋለች» ይላል ጣውላውን እየዳበሰ። እኔን ደግሞ ከጋብቻችን በፊት ጀምሮ «ቲቸር» ይለኛል። በእሱ አፍ ቲቸር ወንድ ስለሆነ እኔ «እሱ» ነበርኩ። አንድ ጊዜ ከሩቅ የመጣ ነጋዴ ቤታችን ምሳ ተጋብዞ ሳለ በራሶ «ቀስ በሉ፣ ቲቸር ራሱን አሞት ተኝቷል» ቢለው፣ ሰውየው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ቤቱን ለአስተማሪ አከራይታችኋል እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። እኔ መኝታ ቤት ሆኜ እሰማለሁ። መሳቅ ሲገባኝ ወጥቼ እንግዳው ፊት አረምኩት። «ቤት ወንድ ነው፣ እኔ ሴት ነኝ፣ ስንት ጊዜ ልንገርህ?» አልኩት። «እሺ ቲቸር» አለና ወጡን ለእንግዳው አቀረበ። አስተማሪ ነኛ፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ልጅ ደብተር በቀይ ሳርም ውዬ፣ ማታ ደግሞ የባሌን አፍ አርማለሁ። ልጃችን ብሩክ በዚህ መካከል አደገ። እሱም አባቱን ማረም ለመደ። አንድም ቀን ተው አላልኩትም።

በራሶ ያረፈው ከመስቀል በኋላ ነው፣ ሳንባው ነው ያሸነፈው። የመጨረሻዋ ቀን አጥሚት ላሞቅለት ማጀት ስገባ፣ አልጋው አጠገብ ከሐዋሳ የመጣው ብሩክና ከቡሌ የወረዱት የበራሶ ታላቅ እህት እትዬ አስቴር ነበሩ። ስመለስ እንቅልፍ ወስዶታል። አልነቃም። በሦስተኛው ቀን ብሩክ ወደ ጓዳ ጠራኝና «እማ፣ አባ ስለ ቤቱ አደራ ብሏል። ዝናብ ሳይመጣ ቤቱን ቀቡት፣ ቤቱ የሚወደውን ቀቡት ብሏል» አለኝ። ቤቱ የሚወደውን ማን ያጣዋል? ዘይት ነው።

ታዲያ ይህን ስሰማ ምን ተሰማኝ? ተናደድኩ። ባሌ አፈር ውስጥ ሦስት ቀን ሳይሞላው ስለ ቀለም ተናደድኩ። ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጬ ሰው ሲያለቅስልኝ፣ እኔ ጥቁሩን ግድግዳ አሻግሬ እያየሁ ቢጫ ሆኖ ሲታየኝ ራሴን ያዝኩት። ከማዘኔ ጋር፣ ከማልቀሴ ጋር፣ ከሥር አንድ ነገር «እንግዲህ ከልካይ የለሽም» ይለኛል። ይህን ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩም። የእሱ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ጴንጤዎች ናቸውና «እሱ ጌታ ጋ ነው፣ አንቺም ጥቁሩን አውልቂ» ይሉኛል። የእኔዎቹ ኦርቶዶክሶች ደግሞ ገና የሐዘኑን ዓመት ይጠብቃሉ። የእድር ጓደኛዬ ጥሩነሽ የቤቱን ነገር ሳነሳባት «ዓመቱ ሳይወጣ? ሰው ምን ይላል!» ብላ አፏን ያዘች። እኔ ግን የፈራሁት ሰውን አልነበረም። የሟች አደራ ማፍረስን ነው።

እንግዲህ ያን ቀን በዘንቢሌ ደብቄ ያመጣኋትን ጣሳ ይዤ ከቤቱ ጀርባ ዞርኩ። ከእንሰቱ ሥር፣ ማንም ከማያየው ቦታ፣ አንዱን ጣውላ ክንድ በማይሞላ ስፋት ቀባሁት።  ቢጫው ሲወጣ ልቤ እንደ ኮረዳ ዘለለ፤ ወዲያው ደግሞ አመመኝ። ሌባ እንኳ የራሱን ቤት አይሰርቅም። እስኪደርቅ ብጠብቅ አልደርቅ አለ። ከሥሩ የበራሶ ዘይት ቡናማ ሆኖ ተንጠፈጠፈበት፣ ተጨማደደ፣ በጥፍሬ ስነካው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሳ። ጥሩነሽ እህል ልትበደር መጥታ ጣቴን አየችና «ምነው፣ ይኼ ደግሞ ምንድነው?» አለችኝ። «እርድ ነው» አልኳት። በስድሳ ምናምን ዓመቴ ስለ ጣቴ ዋሸሁ።

ተሸነፍኩ። ዝናቡ ሊገባ ነው፣ የዝናቡ ወገን ጣውላዎች ደርቀው መሰንጠቅ ጀምረዋል፣ ሰውየውም አደራ ብሏል። ለብሩክ ስልክ ደውዬ «ከሐዋሳ ስትመጣ ከጋራዥ ዘይት ያዝ፣ አባትህ እንዳለው እናድርገው» አልኩት። እሺ አለኝ። ስልኩን ልዘጋ ስል የበራሶ ድምፅ ናፈቀኝ። ብሩክ ከልጅነቱ ጀምሮ አባቱን መምሰል ይችልበታል፤ ድሮ እቀየምበት ነበር። «እስቲ ያን ቀን እንዳለው አድርገህ በለው፣ እንደ እሱ አድርገህ» አልኩት። ያንን ወፍራም፣ ከቡሌ ተራራ የወረደ የሚመስል ድምፅ አወጣ።

«ዝናብ ሳይመጣ እሷን ቀቡ። እሱ የሚወደውን ቀቡ።»

«እንደዚያ ነው ያለው? ቃል በቃል?»

«አዎ። እኔ አስተካክዬ ነው የነገርኩሽ። ታውቂው የለ፣ ወንድና ሴት ሲቀላቅል።»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። በራሶ በሕይወቱ ይህን ቤት አንድም ቀን «እሱ» ብሎት አያውቅም። ቤቱ «እሷ» ነበረች። በዚህ ዓለም ላይ «እሱ» የሚባል አንድ ሰው ነበረ፣ እሱም ማጀት አጥሚት እያሞቀ ነበር። ብሩክ በስልኩ «እማ? እማ አለሽ?» ይላል። አለሁ አልኩት። ልጄ ምን አጠፋ? ያስተማርኩትን ነው ያደረገው። እኔ ማረምን ባላስለምደው ኖሮ፣ ቃሉ እንደወጣ ሳይነካ ይደርሰኝ ነበር።

ለማንም ልነግር አልቻልኩም። እስቲ ማን ያምነኛል? ሟቹ ዘይት ሲቀባ የኖረ ሰው ነው፣ ልጁ የሰማውን ተናግሯል፣ አሁን ባልቴቷ ተነስታ «እሱ ማለት እኔ ነኝ፣ ቢጫ ቀቡልኝ» ብትል፣ የሞተን ሰው ቃል ለፍላጎቷ አጣመመች ነው የምባለው። ራሴም ራሴን አላመንኩትም። ፈልጌው ይሆን የሰማሁት? ብሩክ ዘይቱን ይዞ የሚመጣው በመጪው ቅዳሜ ነው።

ከቅዳሜው በፊት እትዬ አስቴር ከቡሌ መጡ። ያንን ኮረብታማ መንገድ ገሚሱን በእግር፣ ገሚሱን በመኪና ወርደው፣ ከመናኸሪያው በባጃጅ፣ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ነገር ይዘው። ሁልጊዜ ቆጮ ስለሚያመጡልኝ ቆጮ መሰለኝ። አልነቃነቅ ሲለኝ «እትዬ፣ ምን ጭነው ነው የመጡት?» አልኳቸው።

«ክፈት» አሉኝ። እሳቸውም እንደ ወንድማቸው ናቸው፣ አንተ ነው የሚሉኝ።

ፈታሁት። አፈር ነው። በወንፊት የተነፋ፣ ደቃቅ፣ እንደ በቆሎ ዱቄት ቢጫ የሆነ አፈር። ቀና ብዬ አየኋቸው። ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መልሰው ሌላ ቦታ ያያሉ።

«በራሶ ያለውን እኔም ሰምቻለሁ» አሉ። «ብሩክ ቤቱ ብሎ ተናገረ። እኔ ዝም አልኩ። እሱ ማለት አንተ ነህ። ማን ይሆናል ሌላ?»

«ታዲያ ምነው እትዬ፣ ይህን ሁሉ ጊዜ?»

«ጥቁሩ የወንድሜ እጅ ነው። እኔ እንዲጠፋ አልፈለገም።» ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። «ለጸሎት ስቀመጥ ሁሉ ይሄ ነገር ይመጣብኛል። የሞተ ሰው ቃል ይዞ መቀመጥ ጥሩ አይደለም። አመጣሁት።»

ተቃቅፈን አለቀስን። እኔ በቀለሙ ጎመጀሁ ብዬ፣ እሳቸው ቀለሙን ደበቅሁ ብለው፣ ሁለት አሮጊቶች በር ላይ። ከዚያ ወደ ሥራ ገባን። ዘይቱ ይዞት የኖረውን ጥቀርሻ በእንዶድና በፈላ ውሃ አጠብነው፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈተግነው፣ ፀሐይ አስመታነው። ብሩክ ቅዳሜ ከዘይቱ ጋር መጥቶ ነገሩን ስነግረው፣ ጀሪካኑን አስፋልቱ ዳር ላለው ጋራዥ ሰጥቶ የተልባ ዘይት ይዞልን መጣ። እትዬ አስቴር ዘይቱን ለዘብ ባለ እሳት አሙቀው፣ አፈሩን ቀስ እያሉ እየነሰነሱ፣ ማንኪያውን ሲያነሱት ክር እስኪሠራ አማሰሉት። «ወፍራም አይደለም፣ ስስ ስስ እያደረግህ» ይሉኛል። በጨርቅ ነው የሚታሸው፣ እንደ በራሶ። እንጨቱ ይጠጣዋል እንጂ ከላይ አይቀመጥም፤ ስለዚህም የሚላጥ ነገር የለውም። ቡሌ ላይ ያለው የእሳቸው በርና መስኮት በዚህ ተቀብቶ ስንት ዝናብ ችሏል። የደበዘዘ እንደሆነ ደግሞ መጨመር ነው።

በሩ አጠገብ ያለውን ጣውላ እያሸሁ «ይህ አፈር ለዚህ እንደሚሆን እንዴት አሰቡ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«እኔ አይደለሁም ያሰበው» አሉ እጃቸው ሳይቆም። «በራሶ ነው። ድሮ፣ ብሩክ ገና ትንሽ ሆኖ፣ እኔ ጋ መጥቶ በሬን አየ። በእጁ ፈተሸ። ስንት ዓመት ይቆያል አለኝ። ነገርኩት። ለቲቸር ልነግር ነው፣ ደስ ይለዋል ብሎ ሄደ።»

«እና?»

«ሌላ ቀን ሲመጣ ‹ምን አለ ቲቸር?› ብዬ ጠየቅሁ። ‹እሷን እሱ የሚወደውን ልቅባ ብዬ ነገርኩት። እሷ አይባልም አለኝ› አለ።» ሳቁ። በወንድማቸው ነው የሳቁት፣ በእኔ አልነበረም። «ከዚያ ድጋሚ አላነሳም።»

አሁን ቤቱ ቢጫ ነው። በልጉ ገብቷል፣ ውሃው በጣውላው ላይ እየተንከባለለ ይወርዳል፣ የሚላጥ የለም። ጥሩነሽ የመጀመሪያውን ሳምንት በመንገዱ ማዶ ነበር የምታልፈው፣ አሁን ገብታ ትቀመጣለች፣ ያምራል እንኳ ብላለች። እኔም ከገበያ ስመለስ ከሩቅ ሳየው ደስ ይለኛል፤ ደስ ሲለኝ ደግሞ ያመኛል። እትዬ አስቴር የነገሩኝን ያን ቀን ላስታውስ ብዬ ስንት ጊዜ ተቀመጥኩ። ደብተር እያረምኩ ነበር? ወጥ እየሠራሁ? ሰው ፊት ነበርን ወይስ ብቻችንን? ፊቱ ምን መሰለ? አንዱም አይመጣልኝም፤ እንደዚያ ያልኩት አንድ ቀን ብቻ ስላልነበረ አንዱን ከሌላው መለየት አልቻልኩም። በራሶ የምትወጂውን ቀለም ልቀባልሽ ብሎ ጠይቆኛል። እኔ ቃሉን አርሜ መለስኩለት።